የቀበሌ ምርጫና የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፤ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንዳይሆን

«ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት የሚነገረው ቀኑ እየታወቀ ዝግጅቱን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ለሚያሳድር ሰው ነው። በገጠር ቀበሌዎቻችን የአካባቢ ምርጫ የሚስተናገደውም በዚሁ መንገድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የምርጫ ወሬ ሲሰማ የጽሕፈት ቤቱ በር ይከፈታል፤ መዝገቡ ከአቧራ ይወጣል፤ ጠረጴዛና ወንበር ከትምህርት ቤት በውሰት ይመጣል፤ የልማት ሠራተኛው ከማሳ ይጠራል። ምርጫው ሲያልፍ ደግሞ በሩ ተመልሶ ይዘጋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለማስገንዘብ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። ይኸውም ለምርጫ ሥራ አስቀድሞ በጀት ያልያዘ ወረዳ ምርጫውን በነፃ አላካሄደውም። ዋጋውን ገበሬው በጉልበቱ፣ በጊዜውና አንዳንዴም በእምነቱ ከፍሎለታል።

አንዲት ክፍልና አንድ ማኅተም

እንደሚታወቀው የዛሬው የገጠር ቀበሌ በአብዛኛው መሠረቱ በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የተቋቋመው የገበሬ ማኅበር ነው። ማኅበሩ የሚቋቋመው ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር ስፋት ባለው ቦታ ላይ ሆኖ መሪዎቹንም የሚመርጡት ገበሬዎቹ ራሳቸው እንዲሆኑ ተደንግጎ ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ መንግሥትም ሕግም ተለዋውጧል፤ ነገር ግን ገበሬው ጉዳይ ሲኖረው በመጀመሪያ የሚያንኳኳው በር ያው የቀበሌው በር ነው።

የዚህ በር ሥራ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየበዛ መጥቷል። የመሬት ይዞታ ደብተር ጉዳይ በዚያ ያልፋል። መታወቂያ በዚያ ይሰጣል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው፤ በገጠር ይህ ምዝገባ የሚከናወነው እዚያው ቀበሌ ነው። ለዚህ ሁሉ ሥራ የተመደበውን ቤት ያየ ሰው ግን መገረሙ አይቀርም።

እኔ ከማውቃቸው ቀበሌዎች በአንዱ ጽሕፈት ቤት የሚባለው አንዲት የጭቃ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና ቁልፉ የተበላሸ አንድ የብረት ሣጥን ነው። ጣሪያው ስለሚያፈስ በክረምት መዝገቦቹ በፕላስቲክ ከረጢት ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን ልደት ለማስመዝገብ መጥተው አገኘሁ። ከቤታቸው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው።

«እማማ፣ ማኅተሙ ወረዳ ሄዷል፤ ማክሰኞ ይመለሱ» አላቸው በር ላይ የነበረው ወጣት።

«ልጄ፣ ማክሰኞማ ገበያ ነው። ባለፈውም ማክሰኞ ብላችሁኝ ዘግታችሁ ነበር» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተመለሱ።

አንባቢ ይህ ከምርጫ ጋር ምን ያገናኘዋል ይል ይሆናል። እጅግ ያገናኘዋል። ያ ሕፃን ሳይመዘገብ ካደገ 18 ዓመት የሞላው መሆኑን የሚያረጋግጥለት ወረቀት አይኖረውም። በምርጫ ምዝገባ ዕለት ወረቀት ያለው ሰው በደቂቃ የሚጨርሰውን ጉዳይ እሱ ምስክር ሲፈልግ ይውላል። ሰልፉ ይረዝማል፤ ጭቅጭቅ ይነሣል፤ ተጨማሪ ቀንና ተጨማሪ ሰው ያስፈልጋል። ዛሬ የተቆጠበ የአንድ ቁልፍና የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ ነገ በምርጫ ወጪ ላይ ተደምሮ ይመጣል ማለት ነው።

የማዳበሪያ ዝርዝርና የመራጭ ካርድ

በ2013 ዓ.ም. አገር አቀፍ ምርጫ ጊዜ ዲፕሎማዬን ከያዝሁ ብዙም አልቆየሁም ነበር። በተመደብሁበት ቀበሌ የሰው እጥረት ስለነበረ ቤት ለቤት ዞሬ ገበሬዎች የመራጭነት ካርድ እንዲወስዱ እንድነግር ታዘዝሁ። ወቅቱ የማዳበሪያ ፍላጎት የሚመዘገብበት ስለነበረም «በአንድ መንገድ ሁለቱን ጨርሰው» ተባልሁ። በአንድ እጄ የማዳበሪያ ዝርዝር፣ በአፌ የምርጫ ቅስቀሳ ይዤ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሞፈራቸውን ሲጠርቡ አገኘኋቸው። ነገሬን እስክጨርስ በትዕግሥት ሰምተው «እንደው ልጄ፣ ካርዱን ካልወሰድሁ ማዳበሪያው ይቀርብኛል ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «የለም አባባ፣ አይገናኝም» አልኋቸው። እሳቸው ግን በእጄ ያለውን ወረቀት እያዩ ዝም አሉ። እውነቱን ተናግሬ ሳለሁ አለመታመኔ አሳፈረኝ፤ ጥፋቱም የእሳቸው እንዳልነበረ ተረዳሁ። ሁለቱን ነገር አገናኝቶ ደጃቸው ያመጣው የእኔ እግር ነውና።

ይህን ያደረገው ክፉ ሐሳብ ነው ለማለት አልደፍርም። ያደረገው የሰውና የገንዘብ እጦት ነው። ለምርጫ ትምህርት የተመደበ ሰው ስላልነበረ በመንደሩ ውስጥ የተገኘው ደመወዝተኛ ተላከ። የግብርና ኤክስቴንሽን ሥራ ግን የቆመው በመተማመን ላይ ነው። ገበሬው ዘር በመስመር እንዲዘራ የምመክረው እኔ ድምፁንም የምቆጣጠር ከመሰለው ምክሬን ተቀብሎ አይደለም የሚያስተናግደኝ፤ ፈርቶ ነው። በፍርሃት የተዘራ መስመር ደግሞ እኔ ዞር ስል ይቀራል።

ወጪው የት ይደበቃል?

የምርጫ ቦርድ በጀት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይጸድቃል፤ የድምፅ መስጫ ወረቀቱም፣ ሣጥኑም፣ የአስፈጻሚዎች አበልም ከዚያ ይወጣል። ሆኖም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለቦርዱ የመተባበር ግዴታ ስላለባቸው አዳራሹ፣ ጥበቃው፣ ጥሪውና አንዳንዴም መኪናው ከወረዳው ይጠበቃል። ወረዳዎች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በትልልቆቹ ክልሎች ጥቅል በጀት እየተሰጣቸው ራሳቸው ይደለድላሉ። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል፤ ቀሪው የሥራ ማስኬጃ ጥቂት ነው። የምርጫ መስተንግዶ በስሙ ካልተያዘ ከዚህች ጥቂት ላይ ይቀነሳል። ለአባጨጓሬ አሰሳ የታሰበው ነዳጅና ለገበሬ ሥልጠና የተያዘው አበል በማን እንደ ተበላ ሳይታወቅ ያልቃል።

የገበሬውን ድርሻ ደግሞ በምሳሌ እናስላ። መምረጥ የሚችሉ 3000 ሰዎች ያሉበት ቀበሌ ነው እንበል። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 አንድ የምርጫ ጣቢያ ከ1500 በላይ መራጭ ስለማይመዘግብ ሁለት ጣቢያ ይበቃዋል። በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. የተደረጉት የአካባቢ ምርጫዎች በሚያዝያ ወር በሁለት ተከታታይ እሑዶች የተካሄዱ ነበሩ። ለምዝገባ ግማሽ ቀን፣ ለሁለቱ እሑዶች ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ቀን ቢወጣ በነፍስ ወከፍ አንድ ቀን ተኩል ይሆናል። በ3000 ሰው ሲባዛ 4500 የሰው ቀን ማለት ነው። ይህ 150 ሰዎች ለ30 ቀን እርከን ቢሠሩ የሚፈጀውን ጉልበት ያህላል።

ገበሬው ይህን ጉልበት ለመብቱ አይሰስትም፤ ይሰስታል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። ነገር ግን ጣቢያው ቢቀርብለትና መታወቂያው አስቀድሞ ቢያልቅለት ግማሽ ቀኑ ወደ አንድ ሰዓት ይወርድለት ነበር። ቀሪው ጊዜ የምርጫ ዋጋ አይደለም፤ የዝግጅት ጉድለት ዋጋ ነው። በዚያ ላይ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 እንዲደርስ ተደርጎ በአገሪቱ የአካባቢ ምክር ቤቶች መቀመጫ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሆኖ ነበር። ይህን የሚያህል ሕዝብ የሚመረጥበት ጉዳይ በወረዳው በጀት ውስጥ አንዲት መስመር እንኳ ልትነፈገው አይገባም።

የወቅት ነገር

የሩቅ አገር ምሳሌ ማንሣት ካስፈለገ የአሜሪካን ገጠር ማየት ይቻላል። በዚያ በብዙ ግዛቶች ካውንቲ የሚባለው የአካባቢ አስተዳደር አንድ ጸሐፊ አለው፤ እሱም ራሱ በሕዝብ የሚመረጥ ነው። የመሬት ሰነድና የጋብቻ ፈቃድ የሚይዘው ጽሕፈት ቤት ራሱ በብዙ ቦታ ምርጫውንም ያካሂዳል። አገር አቀፍ ምርጫ በሚውልባቸው ዓመታት ወጪው ከፍ እንደሚል ስለሚታወቅ የካውንቲው በጀት ሲዘጋጅ አስቀድሞ ይታሰባል። የምርጫው ቀንም በኅዳር መግቢያ አካባቢ በሚውል ማክሰኞ እንዲሆን በ1845 እ.ኤ.አ. በሕግ ሲወሰን አብዛኛው ሕዝብ ገበሬ ስለነበረ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ መንገዱም በክረምት ሳይበላሽ እንዲሆን ታስቦበት ነው።

የእነሱን ሥርዓት እንዳለ እንቅዳ ማለት አይደለም። በእኛ አገር የመዝገብ ያዡና የድምፅ ቆጣሪው እጅ ቢለያይ ይሻላል፤ ከላይ ያነሣሁት የሽማግሌው ጥያቄ ለዚህ በቂ ምክንያት ነው። የወቅቱ ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል። በ2013 ዓ.ም. አገር አቀፉ ምርጫ በአብዛኛው አገር የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን ነበር። ሰኔ በሬ ከቀንበር የማይወርድበት፣ ወንዝ መሙላት የሚጀምርበት ወር ነው። የአካባቢ ምርጫ ግን አዝመራ ከተወቃ በኋላ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ቢደረግ መኪናውም ያልፋል፤ ገበሬውም ይመቸዋል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የምርጫ መስተንግዶ በወረዳው በጀት ውስጥ በስሙ ይጻፍ። በተለመደው አሠራር ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን ለአምስት ዓመት እያጠራቀሙ ማቆየት አይቻልም። ስለዚህ ገንዘቡን ሳይሆን ሥራውን ማጠራቀም ነው። በአንዱ ዓመት የጽሕፈት ቤቱ ጣሪያና የመዝገብ ሣጥን ይጠገን፤ በሌላው ዓመት ለአዳራሽ የሚሆን አግዳሚ ወንበር ይሠራ፤ በሦስተኛው ሩቅ ለሆኑ ጎጦች ለጣቢያ የሚሆን ቤት ይለይ። እነዚህ ነገሮች ምርጫ በሌለበት ዓመትም ለስብሰባና ለሥልጠና ያገለግላሉ።

ሁለተኛ፣ ቀበሌው በሳምንት ሁለት ቀን ሳያቋርጥ የሚከፈትበት ቀን ይወሰን፤ ከሁለቱ አንዱ የገበያ ቀን ይሁን። ማኅተሙም ከሰው ኪስ ወጥቶ ከሣጥኑ ይግባ።

ሦስተኛ፣ በየዓመቱ በጥር ወር 18 ዓመት የሞላቸው መታወቂያ እንዲያወጡ፣ የሞቱና የለቀቁም በመዝገብ እንዲስተካከሉ በይፋ ይጠራ። ይህ የመራጮች መዝገብ አይደለም፤ እሱ የምርጫ ቦርድ ሥራ ነው። ነገር ግን የቦርዱን ሥራ ያቀልላል።

አራተኛ፣ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር የሚያድል ሰው በምርጫ ሰሞን የምርጫ መልእክት ይዞ ቤት ለቤት እንዳይዞር በጽሑፍ ይከልከል። ይህ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

ምርጫው መቼ እንደሚሆን ሳይታወቅ ምን ያዘጋጃል? የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ ተራዝሟል፤ የ2013ቱም ምርጫ የገጠር ወረዳና ቀበሌ ምክር ቤቶችን አልጨመረም። በ2005 ዓ.ም. ገና የአሥር ዓመት እረኛ የነበረ ልጅ በ2013 ዓ.ም. ለፓርላማ ድምፅ ለመስጠት ደርሶ ሳለ የራሱን ቀበሌ መሪ የመምረጥ ዕድል ግን አላገኘም። መራዘሙ ራሱ አለመዘጋጀትን እንዲያስለምደን መፍቀድ አይገባም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቀጥታ ሊሳተፍ እንዲችል ለዚያ እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። በቂ ሥልጣን ግን በሚያፈስ ጣሪያና በተበላሸ ቁልፍ ሥር አይቀመጥም።

የሁለት ሰዓት መንገድ ተጉዘው የተመለሱት እናት በሚቀጥለው ማክሰኞ ገበያቸውን ትተው ይመጡ እንደ ሆነ አላውቅም። ቢመጡ በሩን ክፍት፣ ማኅተሙንም በቦታው ቢያገኙት የልጅ ልጃቸው የምርጫ ዝግጅት ያን ዕለት ተጀመረ ማለት ነው። በርበሬው መቀንጠስ ያለበት ከሰርጉ አስቀድሞ ነውና የወረዳ ምክር ቤቶች የሚቀጥለውን በጀት ሲመረምሩ ይህን ቢያስቡበት መልካም ይሆናል እላለሁ።