«ታይፎይድና ታይፈስ ጀማምሮሃል»፦ የምርመራ ውጤት ነው ወይስ የማሰናበቻ ቃል?

ትኩሳት ይዞት አዲስ አበባ ውስጥ ክሊኒክ ገብቶ «ታይፎይድና ታይፈስ ጀማምሮሃል» ሳይባል የወጣ ሰው ዕድለኛ ነው። አንዱ በተበከለ ምግብና ውሃ፣ ሌላው በቅማል ወይም በቁንጫ የሚመጡ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው ላይ ተያይዘው «ይጀማምራሉ»። ከወር በኋላ ትኩሳቱ ሲመለስ እነዚያው ሁለቱ «አገርሽተው» ይገኛሉ። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ታይፎይድ ታከምኩ የሚል ሰው በየሰፈሩ አለ። እዚህ ላይ መመርመር ያለበት ሰውየው ብቻ አይደለም፤ ምርመራውም ራሱ ነው።

ይህን ውጤት የሚያወጣው ዊዳል የሚባለው ምርመራ በፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል ስም የሚጠራ ሲሆን የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1896፣ የአድዋ ጦርነት በተካሄደበት ዓመት ነው። ለታይፈስ የሚሠራው ዌይል ፌሊክስም እ.ኤ.አ. ከ1916 ጀምሮ ያለ ነው። ዕድሜያቸው ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ አጠቃቀሙ ላይ ነው። ዊዳል ባክቴሪያውን አያገኝም፤ ሰውነት ያመረተውን የመከላከያ ንጥረ ነገር ነው የሚያየው። ያ ንጥረ ነገር ደግሞ ከድሮ ሕመም ሊተርፍ፣ በክትባት ሊመጣ፣ ወባን በመሰለ ሌላ በሽታም ሊቀሰቀስ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ትርጉም የሚኖረው ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ተደግሞ መጠኑ በአራት እጥፍ ሲጨምር ነው። ዌይል ፌሊክስማ የታይፈስን ተህዋስ እንኳን አይጠቀምም፤ ፕሮቲየስ ከሚባል ሌላ ባክቴሪያ ጋር በሚፈጠር መመሳሰል ላይ የቆመ ነው። በአንድ ጠብታ ደም፣ በአንድ ቀን፣ «1:160 ፖዘቲቭ» ብሎ ሰው ላይ ሁለት በሽታ መፍረድ ምን ይባላል?

ታይፎይድ የለም የሚል የለም። አለ፣ ይገድላልም። የሁሉም ትኩሳት ስም ግን አይደለም። እየተመላለሰ የሚያስቸግር ትኩሳት ብዙ ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ ደም ውስጥ ያለውን ብቻ የሚገድል መድኃኒትም አይነካውም። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ስሙ ራሱ ጠባዩን ይናገራል፦ ለቀናት ያተኩሳል፣ ይተዋል፣ ከሳምንት ገደማ በኋላ ያገረሻል። ከሳንባ ውጭ በዕጢና በሆድ ዕቃ የሚያደፍጥ ቲቢ አለ። ጥሬ ወተት ለሚጠጣ ሰው ብሩሴላ አለ። መተማና ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ውሎ ለተመለሰ የቀን ሠራተኛ ካላዛር አለ። «የት ሄደህ ነበር? ምን ትጠጣለህ?» ብሎ መጠየቅ ስንት ብር ያስወጣል?

የስህተቱ ዋጋ ደግሞ የሕመምተኛው ኪስ ብቻ አይደለም። ለ«ታይፎይዱ» የሚታዘዘው ሲፕሮ የቲቢን ባክቴሪያ ለጊዜው ያዳክማል። ሰውየው «መድኃኒቱ ሠራልኝ» ይላል፤ ቲቢው ግን ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል፣ ለቤተሰቡም ይተርፋል። የልብ ቫልቩ የተመረዘ ሰው ደግሞ ደሙ ለካልቸር ሳይወሰድ ፀረ ባክቴሪያ ከዋጠ በኋላ ትልቅ ሆስፒታል ቢደርስም ካልቸሩ ምንም ላያበቅል ይችላል። በየወሩ በከንቱ የሚዋጠው መድኃኒት ባክቴሪያውን እያለማመደው፣ እውነተኛው ታይፎይድ የመጣ ዕለት የማይበገር ይሆናል።

ባለሙያዎች የሚያነሱት መከራከሪያ አለ፦ «ካልቸር በየቦታው የለም፤ ሕመምተኛውም ስምና መርፌ ካላገኘ ይቆጣል።» ግማሹ እውነት ነው። ካልቸር ውድ ነው፣ ቀናት ይፈጃል፣ የሚሠራባቸው ቦታዎችም ጥቂት ናቸው። ደምን በማይክሮስኮፕ ማየት ግን ርካሽ ነው፤ ወባንም ግርሻንም ያሳያል። «እስካሁን አላወቅነውም፣ ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስ» ማለት ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። የተሟላ መሣሪያ ባላቸው አገሮች ሆስፒታሎች እንኳ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀር ትኩሳት አለ፤ አለማወቅ ነውር አይደለም። ነውሩ አለማወቅን በሁለት የበሽታ ስም ጠቅልሎ መሸጥ ነው። ምርመራውንም መድኃኒቱንም የሚሸጠው ያው አንድ ቤት ሲሆን ደግሞ ስህተቱ ገቢ ያስገኛል፤ ገቢ የሚያስገኝ ስህተት በምክር ብቻ አይታረምም።

ስለዚህ ጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች በአንድ ጊዜ ዊዳልና ዌይል ፌሊክስ ብቻ ተመሥርቶ የሚሰጥ ሕክምናን ማስቆም አለባቸው። የካልቸር አገልግሎትም ከጥቂት ትልልቅ ተቋማት ወጥቶ ወደ ክልል ሆስፒታሎች መውረድ ይኖርበታል።

ሕመምተኛውም ድርሻ አለው። ትኩሳቱን በቴርሞሜትር ለክቶ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፍ። የድሮ የምርመራ ወረቀቶቹን አይጣል። ከጎረቤት የተረፈ ሲፕሮ አይዋጥ። «ደሜ በማይክሮስኮፕ ታይቷል?» ብሎ ይጠይቅ። ትኩሳቱ ሦስት ሳምንት ካለፈው፣ ወይም ክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ ካለው፣ ክሊኒክ ከመቀያየር ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ዛሬ ግን ሕመምተኛው አልደበቀም፤ ገንዘቡን ይዞ፣ ክንዱን ዘርግቶ ቀርቧል። በሽታውን እየደበቀበት ያለው የሚሰጠው ወረቀት ነው።