«እግዚአብሔር» ማለት ስሕተት የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ሰሞኑን በየቻናሉ አንድ ትምህርት ይዘዋወራል፦ «እግዚአብሔር ስም አይደለም፤ ትክክለኛውን ስም የማይጠራ ጸሎቱ አይሰማም» የሚል። እንግዲህ ዕድሜ ልካቸውን «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉ የኖሩ እናቶቻችን ሰሚ አልነበራቸውም ማለት ነው!

እሺ፣ ወደ ዕብራይስጡ እንሂድ። ስሙ ዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሄ የተባሉ አራት ተነባቢዎች ነው፤ ከ6,800 ጊዜ በላይ ይገኛል። አናባቢ ግን አልነበረውም። አይሁድ ከክብሩ የተነሣ መጥራቱን ትተው «አዶናይ» ብለው አነበቡት። በኋላ ማሶራውያን ለአንባቢው ማስታወሻ እንዲሆን የአዶናይን አናባቢ በአራቱ ፊደላት ላይ አደረጉ። «ይሖዋ» የመጣው አውሮፓውያን ሁለቱን ደባልቀው ስላነበቡ ነው። «ያህዌ»ም የሊቃውንት ግምት ነው፤ ጥሩ ግምት ነው፣ ግን ግምት። በግምት ላይ ቆሞ ሰው መኮነን ምን ይሉታል?

ደግሞ ዘጸአት 3ን አንብቡ። ሙሴ ስሙን ሲጠይቅ የተመለሰለት «ኤህዬ» የሚል ግሥ ነው፤ እሆናለሁ፣ እኖራለሁ። ቁጥር 12 ላይ፣ ፈርዖን ፊት መቅረብ ሲፈራ፣ አብሮት እንደሚሆን ቃል የተገባለትም በዚሁ ግሥ ነው። ስሙ በግብፅ ለሚጨነቁ ባሮች የተላከ ተስፋ ነበር፤ እናንተ የይለፍ ቃል አደረጋችሁት።

(በነገራችን ላይ ኤልያስ፣ ኢሳይያስ፣ ሃሌ ሉያ ውስጥ «ያህ» የሚለው የስሙ ቁራጭ አለ። ሳናውቀው ስንጠራው ኖረናል።)

«እግዚአብሔር» በግእዝ የአገር፣ የዓለም ጌታ ማለት ነው። አዎ፣ ማዕረግ ነው። አዶናይም ማዕረግ ነው፤ የግሪኩ ኪርዮስም። በእጃችን ያለው የግሪክ አዲስ ኪዳን መዝሙረ ዳዊትን ሲጠቅስ ኪርዮስ ነው የሚለው። ሐዋርያቱንም ልታርሟቸው ነው? ይህን መልሱና እንቀጥል።