ማሽኑ የእናትህን ድምፅ ይሰማል ወይ?

ወገኔ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከቢቸና ወይ ከሞጣ ተነስተህ አዲስ አበባ ለሥራ ፈተና ስትገባ «ሂዶ» የለመደው አፍህ «ሄዶ» ለማለት ሲታገል ታዝበኸዋል? አንቺስ እህቴ፣ ዶርም ውስጥ «መጣነ» ብለሽ ስንቱ ሳቀብሽ? ዲግሪ ይዘን ቤት ከተቀመጥን ብዙዎቻችን ዩኒቨርሲቲ ገብተን መጀመሪያ የተማርነው ነገር የአገራችንን አነጋገር መደበቅ ነው።

እስኪ የተሳቀበትን ነገር እንመርምረው። ግእዝ «ገደልን» ለማለት «ቀተልነ» ይላል። መጨረሻው «ነ» ነው። አያትህ «መጣነ»፣ «በላነ» ሲሉ ከግእዙ ጋር የሚገጥም መጨረሻ ነው የሚናገሩት። ታዲያ ማን ነው ቋንቋ ያበላሸው? ማንም። አንዱ ዘዬ አንዱን ያዘ፣ ሌላው ሌላውን ያዘ፤ በቃ። የቋንቋ ጥናት የሚለው ይኼንን ነው፦ ዘዬ ሥርዓት ያለው አነጋገር ነው እንጂ የተሰበረ አማርኛ የሚባል ነገር የለም።

ይኼ ዛሬ የተገኘ ግኝት እንዳይመስልህ። ሀብተ ማርያም ማርቆስ የአማርኛን የአካባቢ ልዩነት አጥንተው በ1973 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። አጥኚዎች በተለምዶ አምስት ዘዬ ይቆጥራሉ፦ አዲስ አበባ፣ ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎና መንዝ። ጎጃም በዝርዝሩ ውስጥ በስሙ አለ። አንተ ግን ታፍርበታለህ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ስልክህ ላይ ተናግረህ የሚጽፍልህን ማሽን ታውቀዋለህ። ይኼ ማሽን ምትሃት የለውም። ሰዎች ያነበቡትን ድምፅ ከነጽሑፉ በብዛት ይሰጡታል፣ እሱም የትኛው ድምፅ ከየትኛው ፊደል ጋር እንደሚሄድ ይለምዳል። የሰማውን ያውቃል፤ ያልሰማውን ይስታል። ነገሩ ይኼው ነው።

ለአማርኛ ከተሠሩት ቀደምት ትልልቅ የድምፅ ስብስቦች አንዱን ሰሎሞን ተፈራ አባተ ጀርመን አገር ሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. አቀረቡ። ለማሠልጠኛው 100 ሰዎች አንብበው ወደ 20 ሰዓት የሚደርስ ድምፅ ተቀዳ። ትልቅ ሥራ ነው፣ ብዙ ተመራማሪ ተጠቅሞበታል፣ ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን ከአንባቢዎቹ አብዛኞቹ የአዲስ አበባ ዘዬ ተናጋሪዎች ነበሩ። ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎና መንዝ የተረፈውን ተካፈሉ። ተመራማሪውን አልወቅስም፤ ሰው የሚቀዳው ያገኘውን ነው። ጥያቄዬ ለእኛ ነው፦ እኛ የት ነበርን? ዛሬስ የት ነን?

«ተጽፎ አለ አይደል፣ ምን ድምፅ ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ፊደላችን ሁሉን አይዝም እኮ! «ገና» ብዬ ብጽፍልህ በዓሉን ነው ወይስ «ገና አልመጣም» የሚለውን? አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል፤ ወረቀቱ ላይ ግን አንድ ናቸው። መጥበቅና መላላቱ፣ ዜማው፣ የቃሉ አወራረድ ያለው በአፍ ነው። አፉ ካልተቀዳ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

የተቀዳ ድምፅ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ከወጋየሁ ንጋቱ ተማር። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ተረከው። ታሪኩ የሚመላለስባት ዲማ ያለችው እዚሁ ቢቸና አጠገብ ነው። ወጋየሁ ካለፈ ስንት ዓመቱ፤ ድምፁ ግን ዛሬም ይሰማል፣ መጽሐፉን ያላነበበ ሁሉ በእሱ አፍ ያውቀዋል።

«ታዲያ ሁሉም በየዘዬው ቢናገር መግባባት አይጠፋም?» ለምትሉ፦ ለመጽሐፍና ለቢሮ አንድ የጋራ አጻጻፍ ይኑር፣ ማንም አይቃወምም። የመስማት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ነገ ገበሬው ስለ ማዳበሪያ፣ እናት ስለ ልጇ ሕመም ስልክ ደውለው ማሽን የሚመልስላቸው ከሆነ ማሽኑ የእነሱን አማርኛ መስማት አለበት። ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው ድምፁ ብቸኛው ብዕሩ ነው። እሱን ካልተሰማ ከምኑ ገባ?

ስለዚህ ሥራ አጥ ነኝ ብለህ ከመቀመጥ ይኼን አድርግ።

አንደኛ፣ ስልክህን ይዘህ ወደ ታላላቆችህ ሂድ። መጀመሪያ አስፈቅድ፤ ለምን እንደምትቀዳና የት እንደሚሄድ ንገራቸው። «አይሆንም» ካሉ እግዜር ይስጥልኝ ብለህ ተመለስ።

ሁለተኛ፣ ጽሑፍ አታስነብብ፤ አስወራ። ስለ አውድማው ይንገሩህ። መንሹን፣ ላይዳውን፣ ውቂያውን በራሳቸው ቃል ይዘርዝሩልህ። ጸጥ ያለ ቦታ ምረጥ፣ ስልኩን ወደ አፋቸው አቅርብ።

ሦስተኛ፣ ቀኑን፣ ቀበሌውንና የተናጋሪውን ዕድሜ ጻፍ፤ ፈቃድ ካልሰጡህ ስም አትጻፍ። ከዚያ የሰማኸውን እንዳለ ገልብጥ። «መጣነ» ካሉ «መጣን» ብለህ እንዳታርም! ያረምከው ቀን ጥናቱ ሞተ።

አራተኛ፣ የራስህን ድምፅ ስጥ። ሞዚላ ኮመን ቮይስ የሚባለው ነፃ የድምፅ መሰብሰቢያ አማርኛ አለበት። ዓረፍተ ነገር ያቀርብልሃል፣ ታነባለህ፣ አለቀ። ስታነብ ግን አፍህን አታስመስል፤ በራስህ ቃና አንብብ።

የቋንቋና የድምፅ ትምህርት ክፍል ውስጥ ያላችሁ ደግሞ የመመረቂያ ርዕስ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ራሱ የጥናት መስክ ነው። በየከተማው ውረዱ፣ በየገበያው አድምጡ፣ ልዩነቱን መዝግቡ።

ቋንቋዬን እወዳለሁ ብሎ መፎከር ቀላል ነው። ከባዱ አንድ ሰዓት የእናትን ወሬ ቀድቶ፣ ሦስት ቀን ቁጭ ብሎ መገልበጥ ነው። ዛሬ ማታ ጀምር። ኮሜንት ላይ አካባቢህ ብቻ የሚናገረውን አንድ ቃል ከነትርጉሙ ጻፍልን፤ ከዚያ ይኼን ጽሑፍ «መጣነ» ብሎ ለተሳቀበት ጓደኛህ ሼር አድርግለት።