ሳንሠለጥን የልጅ ነጥብ አንጽፍም

ለተማሪዎች የፈጠራ ውድድር አዘጋጅ ኮሚቴ
ደማም

አመልካቾች፦ በአል ፈይሰሊያና በአካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወላጆችና በጎ ፈቃደኛ ዳኞች

ጉዳዩ፦ ለበጎ ፈቃደኛ ዳኞች በቂ ሥልጠና እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

ክቡራን የኮሚቴው አባላት፣

ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ስልክ ላይ አቀርቅረው ከሚያመሹ ካርቶን እየቆረጡ፣ ገመድ እየጎተቱ፣ እርስ በርስ እየተከራከሩ የራሳቸውን ነገር እንዲሠሩ መድረክ ከፍታችሁላቸዋል። ምስጋናችን ከልብ ነው። ይህን አቤቱታ የምንጽፈውም ውድድሩን ስለምንወደውና እንዲቀጥል ስለምንፈልግ ነው።

እያንዳንዱ ቡድን ሲመዘገብ አንድ በጎ ፈቃደኛ ዳኛ እንዲያቀርብ ደንባችሁ ያዛል። ተገቢ ነው፤ ያለዚያ ይህን ሁሉ ቡድን ማን ያያል? እኛም ከመካከላችን ሹፌሩን፣ ነርሷን፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን አቅርበናል። የተሰጠን ሥልጠና ግን በውድድሩ ማለዳ የነጥብ ቅጹ ሲታደል የተደረገው አጭር ገለጻ ብቻ ነበር። እሱም ሳያልቅ የመጀመሪያው ቡድን ዕቃውን እየገፋ ገባ።

በዚያ ቀን ዓይናችን እያየ የሆነውን እንንገራችሁ። አንድ ቡድን ከውሃ ፕላስቲክና ከተምር ካርቶን ውሃ ወደ ላይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቶ አቀረበ። ከኋላ የሰቀሉት መጋረጃ በእጅ የተሰፋ ነው፤ ስፌቱ እዚህ ጋ ሰፋ፣ እዚያ ጋ ጠበቅ እያለ የልጅ እጅ መሆኑ ያስታውቃል። ዳኛው «ማን ሰፋው?» ብለው ጠየቁ። አንዲት ልጅ «እኔ፤ እናቴ አሳየችኝ» ብላ አንገቷን ደፋች። በእኛ ቤት ልጅ ታላቅ ሲያናግረው አንገቱን ይደፋል፤ እንዲህ አድርገን ነው ያሳደግናቸው። ዳኛው ግን የምትደብቀው ነገር ያለ መሰላቸው። ቡድኑ «የውጭ እርዳታ ተደርጎለታል» ተብሎ ነጥብ ተቀነሰበት።

ውድድራችን የተቀረጸበት የኦዲሲ ኦፍ ዘ ማይንድ ደንብ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። እናት ለልጇ የመርፌ አያያዝ ብታሳይ አልከለከለም። የከለከለው እናቲቱ ራሷ መጋረጃውን እንዳትሰፋው፣ ወይም «መጋረጃ ቢኖራችሁ ይሻላል» ብላ ሐሳቡን እንዳትሰጣቸው ነው። እኒያ ዳኛ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የዕረፍት ቀናቸውን ሠውተው የመጡ ናቸው። ይህን ልዩነት አስቀድሞ ያስረዳቸው ሰው አልነበረም። ስለዚህ አቤት የምንለው በእሳቸው ላይ አይደለም፤ ሳያሠለጥን ቅጹን ባስያዛቸው አሠራር ላይ ነው።

የነጥብ አሰላሉ ደግሞ የአንድ ዳኛ ስሕተት በአንድ ቡድን ላይ ብቻ እንዲቀር አያደርግም። ቡድኖቹ አስቀድመው ተዘጋጅተው መፍትሔውን በሚያቀርቡበት በረጅሙ ችግር ከፍተኛውን ጥሬ ነጥብ ያመጣ ቡድን 200 ይሰጠዋል፤ የሌሎቹ ከእሱ አንጻር ይሰላል። አንደኛው ቡድን 160፣ ሁለተኛው 140 ቢያመጡ ሁለተኛው 175 ይደርሰዋል። አንድ ያልሠለጠነ ዳኛ ግን ለአንደኛው ሳይገባው 15 ነጥብ ጨምሮ 175 ቢያደርስለት፣ ያ ምንም ያላጠፋ ሁለተኛ ቡድን ወደ 160 ይወርዳል። የእሱ ቅጽ አልተነካም፣ ዳኞቹም በትክክል መዝነውታል፤ ግን 15 ነጥብ ከእጁ ወጣ። ይህን ስሌት ከእኛ ብዙዎቻችን ያወቅነው ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ ነው።

ልጆቹ ሳይዘጋጁ በሚመልሱት፣ 100 ነጥብ በሚይዘው ድንገተኛው ጥያቄ ላይ ያለው ችግር ከዚህም ይብሳል፤ ክፍሉ ዝግ ነው፣ ወላጅም አይገባም። ዳኞቹ እያንዳንዱን መልስ ተራ ነው ወይስ የፈጠራ ነው ብለው እዚያው ይለያሉ። ለምሳሌ «ክብ ነገር ጥቀሱ» ቢባልና ልጁ «የእንጀራ ምጣድ» ቢል፣ ምጣድ አይቶ የማያውቅ ዳኛ ምን ይጽፋል? ለእኛ ልጅ ምጣድ የዘወትር ዕቃ ነው፤ ለዳኛው እንግዳ ነገር ነው። በምን መለኪያ እንደሚሄዱ የመጀመሪያው ቡድን ከመግባቱ በፊት ካልተስማሙ፣ ልጁ የሚያገኘው ነጥብ እንደገባበት ክፍል ይለያያል።

ኦዲሲ ኦፍ ዘ ማይንድ በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኒው ጀርዚ ሲጀመር 28 ትምህርት ቤቶች ነበሩ። መሥራቹ ሳሙኤል ሚክለስ በግላስቦሮ ስቴት ኮሌጅ ሲያስተምሩ ተማሪዎቻቸውን ጎማ የሌለው ተሽከርካሪ ሥሩ ይሏቸው ነበር፤ የሚመዝኗቸውም መሣሪያው በመሥራቱ ብቻ ሳይሆን ያልተሞከረውን ለመሞከር በመድፈራቸው ጭምር ነው። ድፍረትን መመዘን ኪሎ እንደመመዘን አይቀልም። ዓይን መልመድ አለበት።

በአገራችን ወግ ሁለት ተሟጋቾች መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው «ዳኛ ሁነን» ብለው ሊያስቀምጡት ይችሉ ነበር። ያ መንገደኛ ግን ጥሬ ሰው አልነበረም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ዛፍ ሥር ሙግት ሲሰማ፣ ዋስ ሲጠራ፣ ሽማግሌ ሲፈርድ እያየ ያደገ ነው። እኛም በልጆች ላይ እንድንፈርድ ከተጠራን ያን ያህል ባይሆን እንኳ ጥቂት እንድናይና እንድንሰማ ይፈቀድልን።

ስለዚህ ሥልጠናው ከውድድሩ ቀደም ብሎ፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ከእኛ መካከል ብዙው ከዓርብ ሌላ ዕረፍት የለውም፤ በሥራ ቀን ማለዳ ጎረቤት ከተማ ኮባር ኑ ብትሉን የሚመጣው አሠሪው የፈቀደለት ብቻ ነው። በሥልጠናውም ገለጻ ብቻ አይበቃም። የአንድ ቡድን የተቀረጸ ትርዒት ይታይ፣ እያንዳንዳችን ለብቻችን ነጥብ እንስጥ፣ ከዚያ ቅጾቹ ጎን ለጎን ይቀመጡ። ለአንዱ የስታይል (የአቀራረብ ውበት) ነጥብ አንዳችን 3 ሌላችን 9 ከሰጠን፣ በዋና ዳኛው ፊት ተከራክረን ወደ አንድ መለኪያ እንምጣ። በውጭ እርዳታ ስም የሚቀነስ ነጥብ በአንድ ዳኛ ብዕር ብቻ አይጻፍ፤ ልጆቹ ሳይደነግጡ ተጠይቀው፣ ዳኞቹ ተመካክረው፣ ዋና ዳኛው ያጽድቀው። ማንም ሰው የራሱ ልጅ በሚወዳደርበት ችግር ላይ አይመደብ፤ ይህ በቃል ይነገረናል፣ በምደባው ዝርዝር ላይ ግን አላየነውም።

መጋረጃውን ለሰፉት ልጆችም ነጥባቸው ለምን እንደተቀነሰ በጽሑፍ ይነገራቸው። የተፈጸመው ስሕተት ከሆነ ስሕተት መሆኑ በዚያው ጽሑፍ ይገለጽላቸው። ደረጃው እንዲቀየር አልጠየቅንም።

መልሳችሁን የዘንድሮው ምዝገባ ከመዘጋቱ በፊት በአክብሮት እንጠብቃለን። ሥልጠናው ከተሰጠ ሁላችንም እንመጣለን፤ የምናውቃቸውንም ይዘን እንመጣለን። ካልተሰጠ ግን ወንበር በማንሳት፣ ቡድኖችን በመምራት፣ ውሃ በማደል እናገለግላለን እንጂ የነጥብ ቅጹን አንረከብም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አመልካቾች
አል ፈይሰሊያ፣ ደማም