ባህር ዳር ስታዲየም፦ ሜዳ እያለ ስደት

ኅዳር 2012 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ኮትዲቯርን 2ለ1 ሲረቱ ባህር ዳር ስታዲየም በጭፈራ ተናወጠ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ካፍ ሜዳው መስፈርቴን አያሟላም አለ። ጋናን ጆሃንስበርግ ላይ "አስተናግደን" 1ለ1 ተለያየን፤ ሰኔ 2014 ደግሞ ግብፅን 2ለ0 የረታነው ማላዊ ነው። ከጥሊሊ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ስታዲየም ይገባ የነበረ ደጋፊ ያን ድል ያየው በቴሌቪዥን ነው! የጣና ሞገዶቹም ቢሆኑ ሊጉ ከ2013 ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች ሲዞር የሜዳቸውን ጥቅም አጥተዋል። ጥፋቱ የማን ነው? ካፍን መውቀስ ይቀላል። እውነቱ ግን ስታዲየሙ ግንባታው ሳያልቅ ጨዋታ መጀመሩ ነው። ደጋፊው ድርሻውን ተወጥቷል፤ ሜዳ የሚያስፈቅደው ግን ጭብጨባ ሳይሆን ያለቀ ሥራ ነው።