ሳቁ በማን ላይ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2013 «ግራንድ መስቲ»፣ በ2023 ደግሞ «ኦ ማይ ጎድ 2» በሕንድ ሲኒማ ቤቶች ታዩ። ሁለቱም የሂንዲ ኮሜዲዎች ናቸው። ሁለቱም ከ100 ክሮር፣ ማለትም ከአንድ ቢሊዮን ሩፒ በላይ አስገብተዋል። የፊልም ማረጋገጫ ቦርዱም ለሁለቱም የሰጠው ፊደል «ኤ» ነው፤ ዕድሜው 18 ያልሞላ ሰው ቲኬት አይቆረጥለትም። በመጀመሪያው ፊልም ትዳር የሰለቻቸው ሦስት ጓደኛሞች ወደ ተማሩበት ኮሌጅ ተመልሰው ሴት ያሳድዳሉ። በሁለተኛው አንድ ተማሪ በትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቤት ግለ ወሲብ ሲፈጽም ይቀረጻል፤ ቪዲዮው ይሰራጭና ልጁ ይባረራል፤ አባቱም ስለ ሰውነቱ ምንም ያላስተማረውን ትምህርት ቤት ፍርድ ቤት ያቆማል። እነዚህን ሁለት ሥራዎች በአንድ ፊደል የሚጠራ ሚዛን የሚመዝነው ከተዋናዩ አፍ የወጣውን ቃል ብቻ ነው። ሳቁ በማን ላይ እንዳረፈ አይጠይቅም። እኔ ደግሞ የአዋቂ ኮሜዲ ድፍረትም ሆነ ነውር የሚታወቀው በዚህ ጥያቄ ነው እላለሁ።

ሕጉ ጥያቄውን ጨርሶ ረስቶታል ማለት አይቻልም። ቦርዱ በ1952ቱ የሲኒማቶግራፍ ሕግ የሚሠራ ሲሆን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1970 በአባስ መዝገብ ፊልምን ከመታየቱ በፊት መመርመር ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ አጽንቶለታል። የቦርዱ መመሪያ ሴቶችን የሚያዋርድ ትዕይንት እንዳይቀርብ፣ ዝቅተኛ ስሜትን የሚቀሰቅስ ድርብ ትርጉም ያለው ቃልም እንዳይፈቀድ ያዝዛል። ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነው። ሴቶች የሚታደኑበትና ቀልዱ ሁሉ በገላቸው ላይ የሚመላለሰው «ግራንድ መስቲ» ግን ይህንኑ መመሪያ አልፎ ለሕዝብ ታየ። ከዚያ በ2017 መጀመሪያ የአላንክሪታ ሽሪቫስታቫ «ሊፕስቲክ አንደር ማይ ቡርቃ» ወደ ቦርዱ ቀረበ። በቦፓል የሚኖሩ የአራት ሴቶች ታሪክ ነው፤ አንደኛዋ የ55 ዓመት መበለት ናት፤ የፍቅር ልብ ወለድ ተደብቃ ታነባለች። ቦርዱ ማንኛውንም ደረጃ ከለከለው፤ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱም ፊልሙ ሴት ተኮር መሆኑና የሴቶቹ ምኞት ከሕይወት በላይ መግዘፉ ነበር። ፊልሙ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ለሕዝብ የታየው የቦርዱን ውሳኔ በሚመረምረው ይግባኝ ሰሚ ችሎት ትእዛዝ ነው፤ ያው «ኤ» ተለጥፎበት። «ግራንድ መስቲ» ከተፈቀደበት እስከ «ሊፕስቲክ» የተከለከለበት ውሳኔ ድረስ የቦርዱ ሊቀ መንበር ተቀይሯል፤ ስለዚህ የአንድ ሰው አድልዎ ነው ማለት አልችልም። ከአንድ ሰው የሚሰፋ ልማድ ግን ይታየኛል፤ ሴት ስትመኝ መደንገጥ፣ ሴት ሲቀለድባት ግን መላመድ።

እዚህ ላይ የሚነሳ ብርቱ ተቃውሞ አለ። «አንተ የምትጠላው የተራውን ሕዝብ ሳቅ ነው፤ ለጨዋ የሚስማማ ባለጌነት ብቻ ይፈቀድ ልትል ነው» የሚል። ተቃውሞው መልስ ይገባዋል፤ ምክንያቱም በሕንድ ይህ ዓይነቱ ሳቅ ጥልቅ ሥር አለው። የማራቲው ዳዳ ኮንድኬ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሠራተኛውን ሕዝብ ሲያስቅ የኖረው በድርብ ትርጉም ነበር፤ ምንጩም ታማሻ የተባለው የማሃራሽትራ ባህላዊ ትያትር ነው። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሰው ጥበቡ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሰሙ ለአደባባይ፣ ወርቁ ለገባው። በ2011 የወጣው «ዴሊ ቤሊ» ደግሞ የሰገራ ናሙናና በድብቅ የገባ አልማዝ የተለዋወጡበት ሁካታ ነው፤ ስድቡ ብዙ፣ ሽታው የሚያፍን። ለእነዚህ ጥብቅና እቆማለሁ። በ«ዴሊ ቤሊ» የሚሳቅባቸው ሦስቱ ሰነፍ ተከራዮች ራሳቸውና የሚያሳድዷቸው ወሮበሎች ናቸው። ብልግና ኃጢአቱ ብልግና በመሆኑ አይደለም። ዱላው የወደቀው መቋቋም በማይችለው ላይ ሲሆን ነው የሚከፋው።

የ2017ቱ «ሹብ ማንጋል ሳቭዳን» ይህን ከማንም በላይ አሳይቶናል። ሙሽራው ሰውነቱ እንዳልታዘዘለት ለእጮኛው መናገር አቅቶት ብስኩት ሻይ ውስጥ ነክሮ ሲልፈሰፈስ ያሳያታል። ብስኩቱ ሰም ነው፤ ወርቁን አዳራሹ ሁሉ ያውቀዋል። ሳቁ ግን ሙሽራውን አያደቀውም፤ ያንን ጭንቀት ብቻውን ያስታቀፈውን ዝምታ ነው የሚመታው። ሲኒማ ቤት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ኀፍረት የሚበረታው እያንዳንዱ ሰው የደረሰበት በእርሱ ብቻ እየመሰለው ነው። በጨለማው ውስጥ የማያውቃቸው ሰዎች በዚያው ነገር ሲስቁ የሰማ ግን፣ ማንም ሳይመክረው፣ ብቻውን እንዳልሆነ ይሰማዋል። በ2018ቱ «ባዳይ ሆ» ትልልቅ ልጆች ያሏት እናት ታረግዛለች፤ ቤተሰቡ ያፍርባታል። አማቷ ተነስታ ስትሟገትላት አዳራሹ የሚስቀው ከእናቲቱ ጋር ነው፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ እናትና ልጅም አብረው ይሰሙታል።

«ዛሬ ሁሉም በስልክ ይታያል፤ ፊደሉ ማንን ይጎዳል?» የሚሉ አሉ። የወላጅ መብትን የሚያነሱም አሉ፤ ልጄ ምን እንደሚያይ መወሰን ያለብኝ እኔ ነኝ ይላሉ። ለሁለተኞቹ ሕጉ ራሱ መልስ አለው። ከ1983 ጀምሮ በወላጅ ምክር የሚታይ «ዩኤ» የሚባል ደረጃ አለ፤ «ኦ ማይ ጎድ 2» በወጣበት ሰሞን የጸደቀው ማሻሻያም ይህንኑ በ7፣ በ13 እና በ16 ዓመት ከፋፍሎታል። የወላጅን ውሳኔ የሚያከብረው ይህ ነው። «ኤ» ግን ወላጁንም ይከለክላል፤ ልጁን ይዞ መግባት የሚፈልግ አባት ከበሩ ይመለሳል። በ«ኦ ማይ ጎድ 2» ተማሪውን ሆኖ የተወነው ወጣት እንኳ 18 ስላልሞላው የራሱን ፊልም ሲኒማ ቤት ገብቶ ማየት አልቻለም። የስልኩ ነገር እውነት ነው፤ ፊልሙ ሲኒማ ቤት በታየበት ዓመት ኔትፍሊክስ ላይ ወጥቷል። ነገር ግን የፊልሙ ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ፣ ከብቻ መሆን ነው። ያ ተማሪ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ፣ እኩዮቹ ሲያፌዙበት ተደብቆ ከመንገድ ዳር መድኃኒት አዋቂ ነኝ ባይ ጋር ይሄዳል፤ የሚያጠፋውም ያ ብቸኝነት ነው። አባቱ በፍርድ ቤት የተሟገተው ነገሩ በክፍል ውስጥ፣ በብዙ ጆሮ ፊት፣ በስሙ እንዲጠራ ነበር። የልጁ እኩዮች ግን ይህን ሙግት የሚሰሙት በር ዘግተው፣ የጆሮ ማዳመጫ ሰክተው፣ ለየብቻቸው ነው።