ተረጂው ማን ነው?
«ሴፍቲኔት» ሰርከስ ላይ ከገመድ የሚወድቀውን ከሥር የሚቀልብ መረብ ነው፤ መዝገበ ቃላቱ እንደሚለው። ማሽላው በዝናብ ማጣት በሚደርቅባት ዋሂል ግን ፍቺው ሌላ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት ጉልበት ያለውን ገበሬ እርከን አሠራው፣ ድንጋይ አሸከመው፤ ስሌቱም ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ነበር። የተከፈለውን እህልና ብር ግን «እርዳታ» አልነው፣ ሰውየውን ደግሞ «ተረጂ»። እኛ የከተማዎቹ ፈርመን የምንቀበለውን «ደመወዝ» እንል የለ? እርዳታና ክፍያ አንድ ፍቺ አላቸው ብሎ የጻፈልኝን ተማሪ በቀይ እሰርዝበት ነበር። አቅመ ደካማው ሳይሠራ የሚያገኘውማ «ቀጥታ ድጋፍ» የሚል የራሱ ስም ተሰጥቶታል። ድንጋይ የተሸከመው ሰው ክፍያው ሲዘገይ «ደመወዜ የት ገባ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ተረጂ ካሉት በኋላ በምን አፉ ይጠይቅ?